ሁለት ብሎክ ርቆ የተሰማ ተኩስ፦ ስለ «ራን ዘ ጁወልስ» ሁለተኛ አልበም

(አትላንታ ውስጥ ለተሰበሰቡ ወላጆችና ወጣቶች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

ሰላም፣ እንደምን አመሻችሁ። ብዙዎቻችሁ ከሥራ በቀጥታ እንደመጣችሁ አያለሁ፤ የደንብ ልብሳችሁን ያላወለቃችሁም አላችሁ። ስለዚህ መግቢያ አላበዛባችሁም።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ የራፕ አልበም ነው። «ራን ዘ ጁወልስ 2» ይባላል። የሁለት ሰዎች ቡድን ሁለተኛ አልበም ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 24 ቀን 2014 ወጣ። 11 ዘፈኖች አሉት፤ ሁሉም ተደምሮ 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ከቤታችሁ ሥራ እስክትደርሱ ያልቃል።

ለእናቶችና ለአባቶች አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። አልበሙ ስድብ ይበዛበታል። ስድቡን እዚህ አልደግመውም፤ የለም ብዬ ግን አልዋሽም። እኔም መጀመሪያ የሰማሁት ከልጄ ክፍል ነው። ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበር። በሩን ከፍቼ «ይሄን ነገር ዝጋልኝ!» አልኩት። ዘጋው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «አባዬ፣ ሰውዬው እኮ የአትላንታ ልጅ ነው። አባቱም ፖሊስ ነበር» አለኝ። ይሄን ለምን እንደነገረኝ ያኔ አልገባኝም። የገባኝ አልበሙን ከዳር እስከ ዳር ካዳመጥኩት በኋላ ነው።

እስቲ ሁለቱን ሰዎች ላስተዋውቃችሁ።

አንደኛው ኪለር ማይክ ነው። እውነተኛ ስሙ ማይክል ሬንደር። ያደገው እዚሁ አትላንታ፣ በምዕራቡ በኩል፣ አዳምስቪል በሚባለው ሰፈር ነው። እኛ አብዛኞቻችን ክላርክስተንና አካባቢው ነን። ሁሉም አትላንታ ቢባልም ከእኛ እስከ እነሱ ሰፈር ሌላ አገር የመሄድ ያህል ነው። ብዙዎቻችን በዚያ በኩል የምናልፈው ተሳፋሪ ስናደርስ ብቻ ነው። ማይክ ድምፁ ወፍራም ነው፤ ሲናገር የእሁድ ሰባኪ ይመስላል።

ሁለተኛው ኤል-ፒ ይባላል። ስሙ ጄሚ ሜሊን፣ የኒው ዮርክ ብሩክሊን ልጅ፣ ነጭ ነው። ራፕ ያደርጋል፤ ሙዚቃውንም የሚያቀናብረው እሱ ነው። ሁለቱም የ1975 ልጆች ናቸው፤ ኤል-ፒ በማርች፣ ማይክ በኤፕሪል። አልበሙ ሲወጣ ሁለቱም 39 ዓመታቸው ነበር። ራፕ ውስጥ 39 ዓመት ሽምግልና ነው። በዚያ ዕድሜ ብዙው ሰው ወይ ሀብታም ሆኗል፣ ወይ ተረስቷል።

እነዚህ ሁለቱ ወደ መረሳቱ ይቀርቡ ነበር።

«አንደርግራውንድ» የሚለውን ቃል ልጆቻችሁ ሲሉት ሰምታችሁ ይሆናል። የተደበቀ ወይም ሕገ ወጥ ነገር ማለት አይደለም። ከትላልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ውጭ፣ በራሱ ገንዘብ፣ በራሱ ጣዕም የሚሠራ ሰው ማለት ነው። ሬዲዮ አያጫውተውም። ሰው ለሰው እየተቀባበለ ነው የሚሰማው። ኤል-ፒ በዚህ ዓለም ውስጥ ከአባቶቹ የሚቆጠር ነው። በ1997 ካምፓኒ ፍሎው ከሚባል ቡድኑ ጋር «ፈንክረሸር ፕላስ» የሚል አልበም አወጣ። ከዚያ ዴፊኒቲቭ ጃክስ የሚባል የራሱን አሳታሚ አቋቋመ። በ2008 የቅርብ ጓደኛው፣ ራፐሩ ካሙ ታኦ፣ በሳንባ ካንሰር ሞተበት። በ2010 ደግሞ አሳታሚው ሥራ አቆመ። ማይክ በበኩሉ አውትካስት ከሚባለው የአትላንታ ራፕ ቡድን ጋር በሠራው ዘፈን ግራሚ ያገኘ ሰው ነው። በ2003 የመጀመሪያ አልበሙን በትልቅ ኩባንያ አወጣ። ከዚያ በኋላ ግን በሩ ተዘጋበትና ሥራውን ራሱ እያሳተመ ቀጠለ።

ያገናኛቸው ጄሰን ዴማርኮ የሚባል የአዳልት ስዊም ቴሌቪዥን ሰው ነው። በ2012 ኤል-ፒ የማይክን አልበም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አቀናበረለት። የማይክ አልበም በሜይ 15 ወጣ፣ የኤል-ፒ የራሱ አልበም በሳምንቱ፣ በሜይ 22። አንዱ በሌላው አልበም ላይ ገብቷል። አብረው ለትርኢት ከተማ ለከተማ ዞሩ። በ2013 በጁን ወር የመጀመሪያውን የጋራ አልበማቸውን ለቀቁ። በነፃ። ኢሜይልህን ትሰጣለህ፣ አልበሙን ትወስዳለህ።

የቡድኑ ስም የመንገድ ቋንቋ ነው። ቀማኛ ሰውን ግድግዳ አስጠግቶ «ወርቅህን አውልቅ! ወዲህ በል!» ሲል ማለት ነው። ስሙን ያገኙት ከራፐሩ ኤል ኤል ኩል ጄ የ1990 ዘፈን ነው። አርማቸው ሁለት እጅ ነው። አንደኛው ጡጫ ጨብጧል፣ ሌላው በጣቶቹ የሽጉጥ ቅርጽ ሠርቶ ጡጫው ላይ አነጣጥሯል። ወጣቶቹ እዚህ ፊት ያላችሁት አሁን በእጃችሁ እየሠራችሁት ነው፤ አየኋችሁ።

የመጀመሪያው አልበም ፉከራ ነበር። ፉከራ ደግሞ እኛ አናጣውም። ሰውዬው ተነስቶ ይንጎራደዳል፣ ጀግንነቱን ይዘረዝራል፣ ጠላቱን በቃል ይገድላል። ጉሮሮው እስኪደርቅ ይፎክራል፤ ዙሪያው ያለውም ደሙ ይፈላል። ሁለቱ ሰዎች በመጀመሪያው አልበም የሠሩት ይህንን ነው። ጥሩ አድርገው ነው የሠሩት። ግን ፉከራ ካበቃ በኋላ ሰው ቁጭ ይላል። ቁጭ ሲል ምን ያወራል? ሁለተኛውን አልበም የምወደው ይህን ስለሚመልስ ነው።

የአልበሙን ሽፋን ያየ ይገባዋል። ያው ሁለቱ እጆች ናቸው፣ መደቡ ቀይ ነው። እጆቹ ግን በፋሻ ተጠቅልለዋል። ሊቀማ የመጣው እጅ ራሱ ቆስሎ መጥቷል።

ስለ ድምፁ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ግጥሙን ብቻ ካወራሁ አልበሙን ግማሽ አደርገዋለሁ። የኤል-ፒ ቅንብር ለስላሳ አይደለም። ባሱ ወንበር ያንቀጠቅጣል። ሲንተሳይዘሩ የተበላሸ ማሽን ይመስላል፤ ይጮሃል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይነሳል። ቶርቢት ሽዋርትዝና ዋይልደር ዞቢ የሚባሉ ሁለት ሰዎች አግዘውታል። በአራተኛው ዘፈን ላይ የሠሩትን ልብ ብላችሁ ስሙ። ሬጅ አጌንስት ዘ ማሽን የሚባለው የሮክ ቡድን ዘፋኝ ዛክ ዴ ላ ሮቻ የቡድኑን ስም ሲጠራ ቀድተውታል። ያንን ድምፅ ቆራርጠው፣ አንዱን ቁራጭ ደጋግመው፣ ከበሮ አድርገውታል። መጀመሪያ ስትሰሙት መሣሪያ ይመስላችኋል። ትንሽ ቆይታችሁ የሰው ጉሮሮ መሆኑን ስትለዩ ሰውነታችሁን ይወርራችኋል። በስምንተኛው ዘፈን ደግሞ ትራቪስ ባርከር ከበሮ ይመታል፤ እሱ ሌላ ማዕበል ነው።

ግጥሙ ላይ ስንመጣ፣ ሦስት ቦታ ላይ እቆማለሁ። ሌሎቹን እናንተው ታዳምጣላችሁ።

አሥረኛው ዘፈን «ዘውድ» ይባላል። ማይክ በወጣትነቱ አደንዛዥ ዕፅ ይሸጥ እንደነበር ደብቆ አያውቅም። ራፕ ውስጥ ብዙ ሰው ይህን እንደ ጀብዱ ነው የሚያወራው። «እንዲህ ሸጥኩ፣ እንዲህ ከበርኩ» ነው ወሬው። እዚህ ዘፈን ላይ ግን ማይክ ስለ አንዲት ደንበኛው ያወራል። ነፍሰ ጡር ነበረች። እርጉዝ መሆኗን እያየ ኮኬይን ሸጠላት። ልጁ ተወለደ። ማይክ ከሰማው፣ እስከ ሦስት ዓመቱ ደህና ነበር፣ ከዚያ መናገር አቆመ። ዓመታት አልፈው ሴትዮዋን አገኛት። ይቅርታ ጠየቃት። እሷ ይቅር ካለችው ቆይታለች፤ ፈጣሪዋን ይዛለች። እሱ ነው ራሱን ይቅር ማለት ያቃተው። አዝማቹ፣ ቁልቁል የሚጎትትህን ነገር ጨብጠህ ዘውድ ማንሳት አትችልም ይላል። የሚዘፍነው ዳያን ኮፊ በለስላሳ ድምፅ ነው፤ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ይመስላል።

አስቡት። «ወርቅህን አውልቅ» ብሎ የመጣ ሰው ነው። እዚህ ላይ የሚያስወልቀው ራሱን ነው። በሰው ፊት፣ በማይክሮፎን፣ ያወጣዋል። እኛ ዘንድ ይህ ለንስሐ አባት ብቻ የሚነገር ነገር ነው። እኔ እንደዚያ ለመናገር ድፍረቱ የለኝም።

በዚያው ዘፈን ኤል-ፒ ደግሞ ወታደር ስለሚደረግ ልጅ ይናገራል። ልጁን የሚመለምለው ድምፅ ነው የሚናገረው፤ ሕመምህን ወደ ሌላ ሰው እንድታዞረው እናስተምርሃለን ይለዋል። አንዱ ዕፅ ሸጦ ሰው ጎዳ፣ ሌላው ጥላቻ ተሸጦለት ሰው ሊጎዳ ነው። ሁለቱ ቨርሶች፣ ማለትም የየራሳቸው የግጥም ክፍል፣ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ ታሪክ ናቸው።

የማልወደውንም ልናገር። ዘጠነኛው ዘፈን ስለ ወሲብ ነው፤ ሁለቱም ወንዶች ሴትን እንደ ዕቃ ያወራሉ። ልጄ ሲሰማው አፍሬያለሁ። ግን መጨረሻው ላይ ጋንግስታ ቡ ትገባለች። የሜምፊስ ሴት ናት፣ ሥሪ ሲክስ ማፊያ በሚባል የራፕ ቡድን ነው የምትታወቀው። ወንዶቹ የተናገሩትን ቃል ገልብጣ ራሳቸው ላይ ትመልሰዋለች። መጨረሻውን ቃል ለእሷ መስጠታቸው ትክክል ነው። ዘፈኑን ግን ሙሉ በሙሉ አያድነውም፤ ይህ የእኔ አስተያየት ነው። ጋንግስታ ቡ በጃንዋሪ 1 ቀን 2023 አርፋለች። ነፍስ ይማር።

አሁን ወደ አራተኛው ዘፈን ልመለስ፤ ዛክ ያለበት ማለት ነው። በእስር ቤት ስለተነሳ አመፅ ይናገራል፤ ግጥሙ ቁጣ ነው። እኔን የበለጠ የነካኝ በማርች 2015 የወጣው ክሊፕ ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ዳይሬክተሩ ኤ ጂ ሮሃስ። ኪት ስታንፊልድ ጥቁር ወጣት ሆኖ፣ ሺያ ዊገም ነጭ ፖሊስ ሆኖ ይሠራሉ። ሁለቱ ይደባደባሉ፤ ያለው ይኸው ነው። ይያያዛሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይሯሯጣሉ፣ እንደገና ይያያዛሉ። ሽጉጥ አይተኮስም። ማንም አያሸንፍም። ድካሙ ይታያል። እግራቸው ይዝላል፣ ጡጫቸው ጉልበት ያጣል፤ ድብድቡን ግን መተው አይችሉም። መጨረሻ ላይ አንድ አልጋ ላይ ጀርባ ለጀርባ ሆነው ቁጭ ይላሉ፤ ትንፋሽ አጥተው። ፖሊስ አባት ያሳደገው ሰው ብቻ ነው እንዲህ ያለ ክሊፕ ለዘፈኑ የሚፈቅደው ብዬ አስባለሁ። ልጄ ያን ዕለት «አባቱም ፖሊስ ነበር» ያለኝ ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ማይክ ስለ ፖሊስ ሲናገር ከሩቅ ሆኖ አይደለም። ያ የደንብ ልብስ ቤታቸው ውስጥ ነበር።

ሰባተኛው ዘፈን «በማለዳ» ነው። ዛሬ የመጣሁት ስለዚህ ዘፈን ልነግራችሁ ነው።

የሚጀምረው ማይክ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎታል። የሚያወራው ሰው ቤቱ ደጃፍ ላይ በፖሊስ ተይዟል። ምክንያቱ ማሪዋና ነው። ሰውዬው አይሳደብም፣ አይታገልም። ይለምናል። በልጄ ፊት አትሰሩኝ፣ በባለቤቴ ፊት አታድርጉት ይላል። እጁ ካቴና ገብቷል። ከዚያ ሚስቱ ትወጣለች። ምን እንደምትል በግልጽ አንሰማም። ልጁ ይጮሃል። ተኩስ ይሰማል። ማይክ ያየውን አይነግረንም። የዚያ ድምፅ ሕይወቴን ለወጠው ብሎ ያበቃል። ራፕ ውስጥ ተኩስ ሺህ ጊዜ ተገጥሟል፤ የተተኮሰበትን ሰው ገላ ሳያሳይ፣ ድምፁን ብቻ ነግሮ የሚያቆም ግን ጥቂት ነው።

በመሃል ቡትስ ይዘፍናል። በ2013 የቢዮንሴ አልበም ላይ ብዙ የሠራ ሰው ነው።

ቀጥሎ ኤል-ፒ ይገባል። እዚህ ጋ ነው ዘፈኑ የሚታጠፈው። ኤል-ፒ ያንን ቤት አያውቀውም። በሰፈሩ የሚሄድ ሌላ ሰው ነው፣ የራሱ ሐሳብ የያዘው። ስለ ካሜራዎች ያነሳል። ሱቅ ስትሄድ እየተከተሉ የሚቀርጹህ ካሜራዎች፣ ፖሊሱ ሲተኩስ አልቀረጹም ይላል። ከዚያ በሁለት መስመር የማይክን ታሪክ በሙሉ እንደገና ይነግረናል፤ በዚህኛው ወገን ሆኖ። አንድ ነገር ጧ ሲል ሰማሁ፣ ሁለት ብሎክ ያህል ይርቃል። አንድ ልጅና አባቱ እያዩ ፖሊስ አንዲት ሴት አደማ ሲባል ሰማሁ። ከዚያስ? ቤቴ ገባሁ፣ ተኛሁ፣ በማለዳ ተነሳሁ።

አለቀ። የኤል-ፒ ቨርስ እዚያ ላይ ያልቃል። የዘፈኑም ስም ከዚያች መጨረሻ ቃል ጋር አንድ ነው።

አያችሁ፣ እኔ እንደምሰማው የዘፈኑ ስም ከደማችው ሴት አልተወሰደም። ከፖሊሱም አልተወሰደም፣ ከሚለምነው አባትም አልተወሰደም። ሰምቶ ከተኛው ሰው ነው የተወሰደው። ኤል-ፒ የነጩን ሰው ቦታ፣ የራሱን ቦታ፣ ያለ ሰበብ አስቀመጠው። ጓደኛዬ አልቅሷል፣ እኔም አብሬው አለቅሳለሁ አላለም። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ተኛሁ ነው ያለው። አንድ ዘፈን ውስጥ አንዱ ቤቱ ይፈርሳል፣ ሌላው ማንቂያ ደወል ይሞላል። ሁለቱ ሰዎች ደግሞ የምር ጓደኛሞች ናቸው። እንደ ወንድማማች ይዋደዳሉ። ያም ሆኖ በመካከላቸው ያለውን ያንን ሁለት ብሎክ ርቀት አልሸፈኑትም።

ወቅቱን አስታውሱ። በጁላይ 17 ቀን 2014 ኤሪክ ጋርነር ኒው ዮርክ ውስጥ ፖሊስ አንገቱን ይዞት ሞተ። በኦገስት 9 ማይክል ብራውን ፈርጉሰን ውስጥ በፖሊስ ተተኩሶበት ሞተ፤ 18 ዓመቱ ነበር። አልበሙ በኦክቶበር ወጣ። ኖቬምበር 24 ምሽት ላይ፣ የተኮሰው ፖሊስ ዳረን ዊልሰን አይከሰስም የሚለው ውሳኔ ታወጀ። ያን ምሽት ሁለቱ ሰዎች የት እንደነበሩ ታውቃላችሁ? ሴንት ሉዊስ። ፈርጉሰን አፍንጫ ሥር። ዘ ሬዲ ሩም በሚባል አዳራሽ ትርኢት ነበራቸው፤ ቀኑ አስቀድሞ የተያዘ ነበር።

አልሰረዙትም። ማይክ መድረክ ላይ ወጣና ከዘፈኑ በፊት ተናገረ። ቪዲዮው አለ፣ ማየት ትችላላችሁ። ያ ግዙፍ ሰው ድምፁ ይንቀጠቀጣል። የ20 ዓመት ልጅ አለኝ፣ የ12 ዓመት ልጅ አለኝ፣ ዛሬ ለእነሱ እፈራለሁ አለ። ሕዝቡ ጸጥ አለ። ስለ ማርቲን ሉተር ኪንግም አነሳ። ኪንግ የአትላንታ ሰው ነው፣ ሲገደል 39 ዓመቱ ነበር። መድረኩ ላይ የቆሙት ሁለቱም 39 ናቸው። ይህን ማንም አስልቶ አላዘጋጀውም፤ እኔ ግን ቪዲዮውን ባየሁ ቁጥር ከአእምሮዬ አይወጣም።

በ2020 በፖሊስ ግድያ ላይ በተነሳው ተቃውሞ አትላንታ ስትቃጠል ያው ማይክ ከከንቲባዋ ጎን ቆሞ ሲናገር አብዛኞቻችሁ አይታችኋል። ያኔም ገና በንግግሩ መጀመሪያ ላይ የፖሊስ ልጅ ነኝ አለ። የራሳችሁን ቤት አታቃጥሉ፣ አጠናክሩት አለ። አንዳንዱ አደነቀው፣ አንዳንዱ ተቆጣው። እኔ ሳየው ቤቱ ደጃፍ ላይ በካቴና ሆኖ የሚለምነው ሰውዬ ትዝ አለኝ። ያው ድምፅ ነው።

ስለ አልበሙ ስርጭት አንድ ነገር ልጨምር። ይህንንም በነፃ ነው የለቀቁት። ዲስኩንና ሸክላውን የሚፈልግ ይገዛል፣ ሌላው ከኢንተርኔት ያወርዳል። በነፃ ተሰጥቶም ቢልቦርድ 200 በሚባለው የአሜሪካ የአልበም ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ 50ኛ ደረጃ ገባ። ፒችፎርክ የሚባለው የሙዚቃ ድረ ገጽ የዓመቱ ምርጥ አልበም አለው። ቅድመ ሽያጭ ሲያስተዋውቁ ለቀልድ ያህል፣ 40,000 ዶላር የሚከፍል ካለ አልበሙን በድመት ድምፅ እንደገና እንሠራዋለን ብለው ጽፈው ነበር። አንድ አድናቂያቸው ቃሉን ይዞ በኪክስታርተር መዋጮ ጀመረ። ከ65,000 ዶላር በላይ ተዋጣ። ቃል የእምነት ዕዳ ነው፤ ሠሩት። እንደ ማሲቭ አታክ ቡድኑ ሥሪ ዲ (3D) እና እንደ ፖርቲስሄድ ቡድኑ ጄፍ ባሮው ያሉ ሙዚቀኞች ገቡበት። በ2015 ሴፕቴምበር ወጣ። ገቢው ለኤሪክ ጋርነርና ለማይክል ብራውን ቤተሰቦች እንዲሆን ነበር ቃል የገቡት። በድመት ድምፅ የተጀመረ ቀልድ ወደ ሐዘን ቤት ሄደ። እኛ ለቅሶ ቤት ስንሄድ ያለንን ይዘን ነው የምንሄደው፤ እነሱም ያላቸው ይኸው ነበር።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ፤ ከዚያ ዘፈኑን እንሰማለን።

ልጄ አልበሙን ከማምጣቱ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ሌላ አፓርታማ ነበር የምንኖረው። ሌሊት አምስት ሰዓት ገደማ፣ ልጁ ተኝቷል። እኔ ሶፋ ላይ ጫማዬን እያወለቅኩ ነው። ጧ፣ ጧ፣ ጧ አለ። ርችት አይደለም፤ ርችት እንዳልሆነ ሰውነት ያውቃል። መብራቱን አጠፋሁ። መጋረጃውን በጣቴ ገለጥ አደረግኩ። ምንም አይታይም፤ የመኪና ማቆሚያው መብራት ብቻ። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ወጥታ «ከመስኮቱ ራቅ! ጎመን በጤና» አለችኝ። ልክ ናት፤ እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። አልደወልኩም። ሌላ ሰው ይደውላል አልኩ። እንግሊዝኛዬ፣ አድራሻው፣ ስምህ ማነው ሲሉኝ፣ ሁሉንም አሰብኩ። ከዚያ ተኛሁ። ደግሞ እንቅልፍ ወሰደኝ። ይህን ነው ለሰው ነግሬ የማላውቀው። እንቅልፍ ወሰደኝ።

ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተነሳሁ። የጠዋት ፈረቃ ነበረብኝ። ሻይ በቴርሞስ ያዝኩ፣ መኪናዬን አስነሳሁ። ከግቢው ስወጣ ጥጉ ላይ ቢጫ ሪባን ተወጥሯል። አንዲት ሴት በሌሊት ልብሷ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላለች። ጎኗ ማንም የለም። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች፣ አታለቅስም። ፍጥነቴን ቀነስኩ። መስኮቱንም ትንሽ ዝቅ አደረግኩት። ቀና ብላ አየችኝ። ሰዓቱን አየሁ። ሄድኩ።

ማን እንደሆነች አላወቅኩም። ማን እንደተመታ አልጠየቅኩም። ሥራ ደረስኩ፣ አልዘገየሁም።

ከሁለት ዓመት በኋላ የልጄን ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ኩሽና ቆሜ፣ ያንን ሰባተኛ ዘፈን ሰማሁ። የማይክ ቨርስ ላይ አዘንኩ፤ ማንም ያዝናል። የኤል-ፒ መጨረሻ መስመር ላይ ስደርስ ግን ጠረጴዛውን ያዝኩ። ልጄ «ምነው አባዬ?» አለኝ። ይሄ ሰውዬ እኔ ነኝ ብዬ ልነግረው ፈልጌ ነበር። «መልሰህ አጫውተው» ነው ያልኩት።

መለሰው። ሦስቴ ሰማነው፣ ሁለታችንም ቆመን። ከዚያ ስለዚያች ሌሊት ነገርኩት። የሴትዮዋን አቀማመጥ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «ምን ዓይነት ቀለም ነበር የሌሊት ልብሷ?» አለኝ። ሰማያዊ አልኩት። ለምን እንደጠየቀኝ አላውቅም፤ ግን ያን ዕለት ከጠየቀኝ ሁሉ የሚሻለው እሱ ነበር።

በሉ፣ ከኋላ ያለህ ወንድሜ፣ መብራቱን ቀነስ አድርግልን። ሦስት ደቂቃ ከምናምን ነው። ግጥሙን በአማርኛ አሳጥሬ ያዘጋጀሁት ወረቀት ወንበራችሁ ላይ አለ። ሁለተኛው ቨርስ ሲጀምር ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርገው።